የኋላው ፍሬን

ልጄ በወደቀችበት ዕለት ጠዋት ፍሬኑን ያጠበቅኩላት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ።

ሥራዋ ኮረብታው አናት ላይ ካለው ጤና ጣቢያ ደምና አክታ ተቀብሎ ታች ሰፈር ላለው ላቦራቶሪ ማድረስ ነው። ናሙናው በትናንሽ ጠርሙስ ይደረጋል፤ ጠርሙሶቹ በረዶ ባለበት ሣጥን ይገባሉ፤ ሣጥኑን ጀርባዋ ላይ ታዝላለች። የመኪናው መንገድ ኮረብታውን ዞሮ ስለሚወርድ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። እሷ በብስክሌት በአቋራጩ ስትወርድ አሥራ አንድ ደቂቃ ይበቃታል። በቀን ሦስት ጊዜ ትወርዳለች፣ ሦስት ጊዜ ትወጣለች። ስምንት ዓመት እንዲህ ሠርታለች። የሰፈሩ ሰው "ነፋሷ" ይላታል።

ብስክሌቱ የተራራ ብስክሌት ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አካሉ የብረት ቱቦ ነው እንጂ እንደ ዛሬዎቹ አሉሚኒየም አይደለም። ፍሬኑ የድሮ ነው። መሪው ላይ ያለውን እጀታ ሲጨብጡት ሽቦ ይስባል፤ ሽቦው ሁለት ላስቲኮችን ያቀራርባል፤ ላስቲኮቹ የጎማውን ቸርኬ ከግራና ከቀኝ ይጨምቁታል። ቸርኬው ደረቅ ከሆነ ይይዛል። ከረጠበ ላስቲኩ ሳሙና ነው።

ያን ዕለት ጠዋት እያካፋ ነበር። የኋላው ፍሬን አልይዝ እንዳላት ነገረችኝ። ሽቦውን ሁለት ዙር አጠበቅኩና፣ "ጠበቅ አድርገሽ ጨብጪው፤ ፍሬን ጉልበት ይፈልጋል" አልኳት።

ጨብጣው ነበር። መጨበጧን ያወቅኩት እጀታው ጎብጦ ስላገኘሁት ነው። ከቁልቁለቱ ግርጌ መንገዱ ድንገት ይታጠፋል። መንገዱ ታጠፈ፣ እሷ አልታጠፈችም። ቀኝ እጇ የቆርቆሮ አጥር ላይ አረፈ።

ሐኪም ቤት ስደርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጠርሙሶቹ ነው። አንድም አልተሰበረም። የእጇ ጅማት ግን ተቆርጧል። ሰፉት፤ ስፌቱም ዳነ። ሦስት ጣቶች ግን አልታጠፍ አሉ፤ የመሐሉ፣ የቀለበቱና ትንሿ። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ብቻ ቀሩላት።

ሁለት ወር ቤት ዋለች። በግራ እጇ ትጽፋለች፣ በግራ እጇ ትበላለች፣ ብስክሌቱን ግን ዞር ብላ አታየውም። ግድግዳው ጥግ ቆሞ ነበር። እኔም አላየውም ነበር። ሁለታችንም የማናየው ነገር በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ቦታ ይይዛል።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ቤታችን መጡ። አጭር፣ ነገር የማያንዛዙ ሴት ናቸው። ተቀምጠው እጇን ገልብጠው አዩ፤ አንድ በአንድ ጣቶቿን አጠፉ፣ ዘረጉ። ከዚያ ካርድ ክፍል አንድ ወንበር መልቀቁን፣ ከሰኞ ጀምራ እዚያ ልትቀመጥ እንደምትችል ነገሯት። ልጄ ወደ ብስክሌቷ መመለስ እንደምትፈልግ ተናገረች። ዶክተሯ በአንድ እጅ ፍሬን ያን ቁልቁለት እንድትወርድ እንደማይፈርሙ፣ የፊቱን ፍሬን ብቻ ከያዘች ተገልብጣ በጭንቅላቷ እንደምትተከል አስረዷት። እውነታቸውን ነው። የፊቱ ፍሬን በግራ እጅ ነው፣ የኋላው በቀኝ።

ልጄም፣ "በአንድ ጣት የሚይዝ ፍሬን ካመጣሁስ?" አለች።

ዶክተሯ አሰቡ። ያን ያህል ጊዜ ያስባሉ ብዬ አልጠበቅኩም። "አንድ ወር እሰጥሻለሁ። በዝናብ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ ከላይ እስከ ታች ትወርጃለሽ። ከመታጠፊያው በፊት የቦይ መክደኛ አለ። እሱን ሳታልፊ ከቆምሽ እፈርማለሁ። ካለፍሽው ካርድ ክፍል ትገቢያለሽ፤ ሁለተኛ ይህን ነገር አታነሺብኝም።"

ሸኝተናቸው በሩን ስዘጋ ልጄ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። "አባዬ፣ ካርድ ክፍል መስኮት የለውም።"

በማግስቱ ብስክሌቱን እየገፋሁ ጎማ ሠሪው ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። እሷም ተከተለችኝ። የከተማው የጎበጠ ቸርኬ ሁሉ የሚሄደው እሱ ዘንድ ነው። ሰው ሁሉ ከበር ላይ ጎማውን እየወረወረለት "ቀጥ አርገው!" ስለሚለው ስሙ ቀጥ አርገው ሆኖ ቀረ። የእናቱ ልጅ እንኳ በሌላ ስም አይጠራውም።

የምንፈልገውን ነገርኩት። ማቆሚያ ላይ የተሰቀለ አንድ ጎማ አሳየኝ። እምብርቱ ላይ የሻይ ሳህን የሚያህል ክብ ብረት በስድስት ቡሎን ታስሯል፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ የማይሞላ። ዲስክ ይሉታል። ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ያቀፈች፣ ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማትበልጥ መንጋጋ አለች። ከመንጋጋዋ ቀጭን ጥቁር ቱቦ ወጥቶ ወደ እጀታው ይሄዳል።

"ጎማውን አዙረው" አለኝ፤ የእጀታው ጫፍ ላይ ትንሿን ጣቱን ጣል አደረገ።

ለማዞር ሞከርኩ። አልዞረም። በሁለት እጄ ያዝኩት። ትከሻዬን ጨመርኩ። ማቆሚያው ከነጎማው ወለሉ ላይ ተጎተተ እንጂ ጎማው ነቅነቅ አላለም። የጣቱን ጥፍር አየሁ። ደም እንኳ አልሸሸውም፤ እየተጫነ አልነበረም።

"ኧረ ተው፣ ማቆሚያዬን ሰበርከው" አለኝ። "ጉልበትህን ለቀብርህ አስቀምጥ።"

ሽቦው የት እንዳለ ጠየቅኩት። ሽቦ የለውም፣ ዘይት ነው አለኝ። እጀታው ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ በቱቦው ሄዶ መንጋጋው ውስጥ ያሉትን ሁለት ፒስተኖች ይገፋል፣ እነሱ ዲስኩን ይነክሳሉ። እንዲህ ብሎ ሲነግረኝ ቀላል ነው። እኔ ግን ያችን ቱቦ በጣቶቼ መሐል ይዤ አገላበጥኳት። ሠላሳ አንድ ዓመት በፋብሪካ ወርክሾፕ ብረት ስገጥምና ስበይድ ኖሬያለሁ። ከእጀታው የገባው የአንድ ሕፃን ጉልበት ነው፤ ከመንጋጋው የወጣው የሰው ትከሻ የሚያቆም ነው። መሐል ላይ ያለው ጥቂት ጠብታ ዘይት ብቻ ነው።

ቀጥ አርገው የልጄን እጅ አይቶ፣ "ሌባዋ ካለች ይበቃል" አላት። እሷም በሌባ ጣቷ እጀታውን ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ፣ ለቀቅ አደረገች። ፊቷን አላየሁም፤ ጣቷን ነበር የማየው።

ከዚያ ሥራውን ቆጠረልን። የፊቱ አያስቸግርም፤ መንጋጋ መቀበያ ያለው ያገለገለ የፊት ሹካ እሱ ዘንድ አለ። ጎማዎቹ እምብርታቸው ይለወጣል፤ ዲስክ የሚታሰርበት ቀዳዳ ያለው ያስፈልጋል። ችግሩ ከኋላ ነው። ብስክሌቱ በተሠራበት ዘመን ከኋላ ዲስክ ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ መንጋጋው የሚቀመጥበት ብረት የለም።

"እሱ ያንተ ዕዳ ነው" አለኝ። "ልክ ቦታውን ካላገኘኸው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ለመሆኑ እጅህ መበየጃ ከያዘ ስንት ዓመት ሆነው?"

ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። አልነገርኩትም። እሱም ያውቃል።

እምብርት ሲለውጥ አጠገቡ ተቀምጬ ዋልኩ። አንድ ጎማ ሠላሳ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ አለው። በድሮው ፍሬን ጉልበቱ የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ነበር፤ በዲስክ ግን እምብርቱ ተይዞ ቸርኬው ልሩጥ ይላል፤ ስለዚህ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ተሻግረው መሳሳብ አለባቸው አለኝ። ሽቦዎቹን ሰክቶ ሲጨርስ አንድ በአንድ በጥፍሩ እየመታ ያዳምጥ ጀመር። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ቆመ። "ይሄ ዋሸ" አለና ሩብ ዙር አጠበቀው። እኔ ምንም ልዩነት አልሰማሁም። ጎማውን ሲያዞረው ግን ቸርኬው የሚዞር አይመስልም ነበር፤ የቆመ ክብ ነበር የሚመስለው።

መንጋጋው የሚቀመጥበትን ብረት የሠራሁት ቤቴ፣ ብረት መጨበጫው ሞርሳዬ ባለበት ክፍል ነው። ከቀጥ አርገው ከገዛነው ፍሬን ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ ጠንከር ያለ ወረቀት ወጥቶ ነበር፤ በማላውቃቸው ቋንቋዎች ተጽፎበታል። ለቅርጽ መውሰጃ ምቹ ነበር። መንጋጋውን ከኋለኛው ቱቦ ጋር አስተያይቼ ቅርጹን በመቀስ ቆረጥኩት። ወረቀቱን አምስት ሚሊ ውፍረት ባለው ብረት ላይ ለጥፌ ዙሪያውን ጫርኩ፣ በሰጋ መጋዝ ቆረጥኩ፣ በሞረድ አለሰለስኩ። አንድ ቀን ተኩል ወሰደብኝ።

የመበየዱ ቀን ልጄ የአሸዋ ባልዲ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። የብስክሌቱ ቱቦ ስስ ነው፤ ግድግዳው አንድ ሚሊ አይሞላም። በኤሌክትሪክ ብበይደው እበሳዋለሁ። ስለዚህ በናስ አደረግኩት፤ ናስ ብረቱ ከመቅለጡ በፊት ይቀልጣል። ክንዴን ሞርሳው ላይ አስደገፍኩ። እሳቱን ለኮስኩ። ብረቱ ጠቆረ፣ ከዚያ ቀላ። የናሱን ዘንግ ጫፍ አስነካሁ። ናሱ ለአፍታ እንባ መስሎ ቆመና ባንዴ ወደ ስንጥቁ ሮጠ። ማንም አልገፋውም። በዚያች ፀጉር በማታስገባ ክፍተት ውስጥ ሄዶ በወዲያኛው በኩል ብቅ አለ። ይህን ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ሺህ ጊዜም ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት።

ወደ ኋላው ጎማ ከሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች የላይኛው ፍሬኑ ሲይዝ እንዳይጎብጥ፣ በሁለቱ መሐል አንድ አጭር ዘንግ በድጋፍ አስገባሁ። ሲበርድ በሠራሁት ብረት ላይ የአንድ ሜትር ቱቦ ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። አልጮኸም። ልጄ፣ "አባዬ፣ አንተ እኮ ክብደት የለህም" አለችኝና መጥታ አብራኝ ተንጠለጠለች። አሁንም አልጮኸም።

እስከዚህ ደህና ነበር።

መንጋጋውን በሁለት ቡሎን አሰርኩት። ጎማውን ገጠምኩ፤ አዞርኩ። ዲስኩ መንጋጋው ውስጥ አንዱን ጎን ይነካል። ሺ፣ ሺ፣ ሺ ይላል። በዲስኩና እሱን በሚነክሱት የፍሬን ሸራዎች መሐል ያለው ክፍተት በግራም በቀኝም የአንድ ወረቀት ውፍረት ነው። ለካሁ። ከቆርቆሮ ጣሳ ቀጭን ቁራጭ ቆርጬ ከቡሎኑ ሥር አስገባሁ። አጠበቅኩ። አሁን ሌላውን ጎን ነካ። ቁራጩን አውጥቼ የቀጠነ ከተትኩ። ቡሎኑ ሲጠብቅ መንጋጋውን ይዞት ይዞራል። ሞረድኩ። ለካሁ። አጠበቅኩ። ሺ፣ ሺ፣ ሺ።

ሁለት ቀን እንዲህ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ያ ሺ፣ ሺ የሚለው ድምፅ ስበላም ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ልጄ አልጠየቀችኝም። ከዶክተሯ ወር አሥራ አራት ቀን ቀርቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የበየድኩት ብረት ጠማማ ነው ብዬ ወሰንኩ። ቆርጬ አነሣውና እንደገና እበይደዋለሁ አልኩ። ያን ስስ ቱቦ ሁለተኛ እሳት ከነካው እንደሚደክም አውቃለሁ። የደከመ ቱቦ ደግሞ ቤት ውስጥ አይሰበርም፤ ቁልቁለት ላይ ነው የሚሰበረው። ይህንንም አውቃለሁ። ሌላ መላ ግን አጣሁ። ሰጋውን አንሥቼ ጥርሱን ብረቱ ላይ አስቀመጥኩ።

ልጄ የብረት ብናኙን ልትጠርግ ገብታ ነበር። ከሞርሳው ሥር የወረቀት ቁራጭ አነሣች። ገለበጠችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የጣልኩትን፣ በመንጋጋው ቅርጽ የተቆረጠውን ሌላውን ወረቀት አነሣችና ሁለቱን ገጠመቻቸው።

"አባዬ፣ ይሄን ምን አደረግከው?"

"ቅርጽ ወሰድኩበት።"

"መመሪያውን?"

ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ መስማቴ ነበር፤ ሆዷን ይዛ ሞርሳው ላይ ተደገፈች። "እኔ እኮ አባቴ ለምን አያነብም እላለሁ፣ ለካ ቆርጦት ነው" አለች።

ወረቀቱ ላይ ከጽሑፉ ሌላ ሦስት ሥዕሎች ነበሩ። ሰጋዬን አስቀምጬ አየሁ። በመጀመሪያው የመንጋጋው ሁለት ቡሎኖች ይላላሉ። በሁለተኛው አንድ እጅ እጀታውን ጨብጧል፤ መቀሴ ያን እጅ አንጓው ላይ ለሁለት ከፍሎታል። በሦስተኛው እጁ ሳይለቅ ቡሎኖቹ ይጠብቃሉ። ሌላ የለውም።

ሊሆን አይችልም አልኳት። ሠላሳ አንድ ዓመት የማውቀው ሥራ መጀመሪያ መለካት፣ ቦታውን መያዝ፣ ከዚያ ማጥበቅ ነው። የላላ ነገር እንዴት ራሱን ያስተካክላል? እሷ አልተከራከረችኝም። መሪው ጋ ሄዳ ቆመች።

"አላላው" አለችኝ።

የከተትኩትን ቆርቆሮ ሁሉ አውጥቼ ሁለቱንም ቡሎኖች አላላሁ። መንጋጋው እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቅ ነበር። ሌባ ጣቷን እጀታው ላይ አድርጋ ሳበች። ዓይኔ ሥር መንጋጋው ሸርተት አለ፤ ፀጉር ያህል ወደ ግራ፣ ትንሽ ቀና፣ ከዚያ ቁጭ። ዲስኩን ጨብጦ ቦታውን ራሱ ፈለገና አገኘ።

"አሁን አጥብቀው። አልለቅም።"

አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያልኩ አጠበቅኩ። ጣቷን አነሣች። ጎማውን አዞርኩት።

ዞረ። ድምፅ የለም። ጆሮዬን አስጠጋሁ። የጎማው ነፋስ ጉንጬን ይነካኛል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ዞረ፣ ዞረ፣ መቆሙን የረሳ መሰለ። ሁለት ቀን ሙሉ በልኬትና በሞረድ ያላገኘሁትን ያ ግዑዝ ነገር በአንድ ትንፋሽ አገኘው። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ልጄ እኔን ትመለከት ነበር። "የቆረጥከው ብረት ጠማማ አይደለም፣ አባዬ" አለችኝ። ሰጋውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

አዲስ ዲስክ ወዲያው አይነክስም። ቀጥ አርገው እንደነገረን ሰው በሌለበት ሜዳ ወስደን አለማመድነው። ትሮጣለች፣ ቀስ ብላ ትይዛለች፣ ከመቆሟ በፊት ትለቃለች። ደግማ ትሮጣለች። ሠላሳ ጊዜ። እኔ ጠርዝ ላይ ቆሜ ከያዘችበት እስከ ቆመችበት በርምጃ እለካ ነበር። መጀመሪያ ላይ አሥራ ሁለት ርምጃ። አሥረኛው ላይ ሰባት። ከዚያ አምስት። ሠላሳኛው ላይ ሁለት ርምጃ ተራመድኩና ከጎማው ጋር ተላተምኩ። ጎማው አልተቆለፈም፣ አልተጎተተም፣ አፈር ላይ የጫረው ነገር የለም። መሮጡን ተወው እንጂ የቆመ አይመስልም ነበር።

ከዚያ ዝናብ ጠፋ። ሁለት ወር ሙሉ ያለዕረፍት የዘነበ ሰማይ መስተዋት ሆነ። ልጄ በየጠዋቱ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ቀጥ አርገው በደጃችን ሲያልፍ፣ "ብረት ሠሪ ዝገት ሲለምን ዛሬ አየሁ" አለኝና ሄደ። ሰባት ቀን ጠበቅን። ስምንት። አሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠቆረ። ከዶክተሯ ወር አንድ ቀን ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያው ነጠብጣብ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ልጄ ስልኳን በግራ እጇ ይዛ እየደወለች ነበር።

ዶክተሯና እኔ ከታች፣ ከመታጠፊያው አጠገብ፣ የአንድ የተዘጋ ሱቅ ጣሪያ ሥር ቆምን። ዝናቡ ሳያባራ ይወርዳል። የቦይ መክደኛው በእኛ ትይዩ ነው፤ ከእሱ ወዲያ የቆርቆሮው አጥር አለ። የተቀደደበትን ቦታ በአዲስ ቆርቆሮ ጠግነውታል፤ አዲሱ ያበራል። ዶክተሯ እንዳየሁት አዩ። እሳቸውም ዓይናቸው እዚያ ነበር።

ከላይ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ስልክ ደወለላቸው። "ተነሣች" አሉኝ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። የኋላው ብረቴ ቢላቀቅ መንጋጋው ሽቦዎቹ ውስጥ ይገባል። ጎማው ባንዴ ይቆማል፤ እሷ ግን አትቆምም። ያ ናስ የሮጠው ዓይኔ እያየ ነው፤ አብረን ተንጠልጥለንበታል። ቢሆንም ከሱቁ በር ብረት ላይ እጄን ማንሣት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያየሁት ቢጫ የዝናብ ልብሷን ነው። ከዚያ እሷን። ፍጥነቷ የድሮው ፍጥነት ነበር። ተቀምጣ አልነበረም፤ ፔዳሉ ላይ ቆማ፣ ወገቧን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ። ሦስቱ ጣቶቿ መሪው ላይ ተዘርግተው ተኝተዋል። ሌባዋ ብቻ እጀታው ላይ ናት። የድሮው ፍሬን በዝናብ ሲይዝ እንደታረደ ከብት ይጮህ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ መውረዷን የሚያውቀው በዚያ ነው። አሁን ጆሮዬን ቀስሬ ያንን ድምፅ ጠበቅኩ። አልመጣም። ጎማው ውሃውን ሲሰነጥቅ ብቻ ይሰማል። ያም እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። እየመጣች ነው ብዬ ሳስብ ቆማለች።

መክደኛው ጋ ለመድረስ አራት ርምጃ ይቀራታል። አንድ እግሯን መሬት አደረገች። ዶክተሯን አየች፤ እኔን አላየችም።

"አንድ ጊዜ አጋጣሚ ነው" አሉ ዶክተሯ። "እንደገና።"

ዞራ ወጣች። ሁለተኛው ላይ ሦስት ርምጃ ተኩል ቀረ። "እንደገና" አሏት። ሦስተኛው ላይ ዝናቡ ብሶ መንገዱ ጅረት ሆኖ ነበር። ከላይ ስትመጣ ውሃው ከጎማው በሁለት ክንፍ ይነሣል። ያንኑ አራት ርምጃ አስቀርታ ቆመች። ዶክተሯ ግን ያን ጊዜ መክደኛውን አላዩትም። ከጣሪያው ሥር ወጥተው፣ ዝናቡ እየወረደባቸው፣ ኋለኛው ጎማ አጠገብ ጎንበስ አሉ።

ጠብታ ዲስኩ ላይ ያርፋል፣ ጭስስ ይልና ይጠፋል። ሌላው ያርፋል፤ ጭስስ። ቀጭን ነጭ እንፋሎት ከብረቱ ላይ እየተነሣ ዝናቡ መልሶ ይመታዋል።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?" አሉኝ።

"ቁልቁለቱ ነው፣ ዶክተር።"

ቀና ብለው አዩኝ። የቀለድኩ መሰላቸው። አልቀለድኩም። ልጄ ከነብስክሌቷ ያን ሁሉ ከፍታ ተሸክማ ነው የወረደችው። ያ ሁሉ ነገር አንድ ቦታ መግባት አለበት፤ ድሮ የገባበትን ሁለታችንም እናውቃለን። አሁን የገባው እዚያች ሁለት ሚሊ የማትሞላ ብረት ውስጥ ነው። የሻይ ሳህን የምታህል ነገር ኮረብታ ጠጥታ ቆማለች። ይህን በቃል ላስረዳቸው አልቻልኩም፤ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ነኝ። ዝም ብዬ ጣቴን ወደ ኮረብታው፣ ከዚያ ወደ ዲስኩ ጠቆምኩ። የገባቸው ይመስለኛል።

ከዚያ እንደ ልጅ ጣታቸውን ዘረጉ። አንጓቸውን ቀብ አደረግኳቸው።

"አይንኩት። ቆዳ ይልጣል።"

እጃቸውን ሰበሰቡ። ተነሥተው ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉና ልጄን፣ "ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሣጥንሽን ተረከቢ" አሏት። ሁለት ርምጃ ከሄዱ በኋላ ዞር ብለው የበየድኩትን ብረት አንድ ጊዜ አዩት። ዣንጥላቸውን ሳይዘረጉ ዳገቱን ያዙት።

ልጄ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ሌባ ጣቷን ከእጀታው ላይ ገና አላነሣችም ነበር። ወዲያው ልትነሣ ስትል፣ "ቆይ፣ ትንሽ ይብረድ" አልኳት። ቆመን ሁለታችንም ዲስኩን አየን። የጠብታዎቹ ጩኸት ራቅ ራቅ እያለ ሄደ። ከዚያ ቀነሰ። በመጨረሻ አንዷ ጠብታ አረፈችና ሳትጮህ፣ ክብ እንደሆነች፣ ቁጭ አለች።

"አሁን ሂጂ" አልኳት።